ኮሎኔሉና ልብስ አጣቢዋ

ያን ሐሙስ ኩዌንካ ከተማ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ሲጥል ዋለ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኦቲሊያ አባቷን ቀና አድርጋ ትራሱን አስደገፈቻቸው፤ አፋቸውን ጠረገችላቸው፤ ስልኳንም ከመድኃኒት ጠርሙሶቹ ጋር አስደግፋ አቆመችው።  ለአንድ ዓመት ያህል በየማክሰኞው ሳይቀር ይደርሳት የነበረው ጽሑፍ በዚህ ሳምንት አልመጣም።

«ሐሙስ» አሉ ዶን አቤላርዶ፣ ባልተጣመመው የከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ ብለው።

«አዎ አባዬ፣ ሐሙስ ነው። አሁን ይጀምራል።»

ዶን አቤላርዶ በከተማው ስሙ የታወቀ ባርኔጣ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ቤት ጌታ ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ግማሽ አካላቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም አብሮ ተዘጋ። ብቸኛ ልጃቸው ኦቲሊያ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። እጮኛ ነበራት። እጮኛዋ ጠበቃት፣ ጠበቃትና ሌላ አገባ። እሷም አባቷን ማገላበጥ፣ ማጠብና ማጉረስ ተማረች፤ ስለ እጮኛዋ አንድም ቀን አላነሳችም።

አባቷ ከታመሙ ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሳቸውን የሚያስቅ ነገር ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስትዞር ዋለች። ለላሞቹ ጥሩምባ የሚነፋ ሰውዬ አገኘች፤ አባቷ አልሳቁም። የአተር ፍሬ የሚያካክሉ ዳቦዎች የምትጋግር አሮጊት አገኘች፤ አልሳቁም። በመጨረሻ «የካርቶን ቤት» የሚል ነገር ላይ ደረሰች።

መድረኩ ከባርኔጣ ካርቶን የተሠራ ነው። መጋረጃው የአሮጌ አልጋ ልብስ ቁራጭ ነው። ተዋንያኑ ደግሞ ሁለት ኩዮች ናቸው፤ ጭራ የሌላቸው፣ ከጥንቸል ግልገል የማይበልጡ፣ በየገጠሩ ማድቤት የሚርመሰመሱና በዓል ሲመጣ የሚጠበሱ እንስሳት። ቡናማው ወንድ ኮሎኔል ነው፤ አውራ ጣት የምታህል የጭድ ባርኔጣ ደፍቷል። ነጯ ሴት ልብስ አጣቢዋ ሐሲንታ ናት፤ ሽርጥ ታጥቃለች። ኮሎኔሉ በየሐሙሱ ሐሲንታን ለጋብቻ ይጠይቃታል። እንስሳቱ ታዲያ ያሻቸውን ነው የሚያደርጉት፤ ከካርቶኑ ጀርባ ያለው የማይታይ ሰው እንደ አኳኋናቸው ቃል ይፈጥርላቸዋል። ያን ቀን ኮሎኔሉ የፍቅር ደብዳቤውን በጎመን ቅጠል ላይ ጽፎ መጣና፣ ሊሰጣት ጎንበስ እንዳለ ራሱ ይበላው ጀመር።

«ጌታዬ ኮሎኔል፣ ኧረ ቢያንስ ላንብበው!» አለች ሐሲንታ።

«ምን ላድርግ ሐሲንታዬ፣ ረሃብና ፍቅር ባንድ ቀን ያዙኝ!»

ዶን አቤላርዶ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኦቲሊያ ቁርሳቸውን ይዛ ስትገባ፣ ከንፈራቸው ሲታገል፣ ሲታገል ቆየና «ሐሙስ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የወጣቻቸው ቃል ያቺ ብቻ ሆነች። ውሃ ሲጠማቸውም «ሐሙስ»፣ ሲከፋቸውም «ሐሙስ»።

ኦቲሊያ በደስታ ሰክራ ከትዕይንቱ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሐሲንታን ጉንፋን ይዟታል እንዴ? ድምጿ የወንድ ነው።»

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። «እመቤቴ፣ ያለኝ አንድ ጉሮሮ ነው። ካዘንሽላት ያንቺን አውሺያት።»

አዋሰቻት። ሰውዬው ሊሳንድሮ ይባላል፤ ሲግሲግ ከምትባለው የተራራ ከተማ ወጣ ብሎ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ የተሰበረ ሬዲዮም ሆነ ስልክ የሚጠግን የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሐሲንታን ቃል ጽፎ ይልክላታል፤ ረቡዕ እሷ በድምጿ ቀድታ ትመልስለታለች፤ ሐሙስ ዓለም ይስቃል። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። እሱ ሁልጊዜ ከካርቶኑ ጀርባ ነው፤ እሷ ሁልጊዜ ድምፅ ብቻ ናት። ማን እንደሆነች ሲጠይቃት «የታመመ ሽማግሌ አስታምማለሁ» አለችው። ውሸት አልነበረም። ደመወዝተኛ መስላው እንደቀረች ግን ገብቷታል፤ ልታርመውም አልፈለገችም።

አንድ ማክሰኞ ለሐሲንታ የተጻፈላት ቃል «ኮሎኔል፣ ሰለቸኸኝ፣ ከእንግዲህ አትጠይቀኝ» የሚል ነበር። ኦቲሊያ ስታነበው ልቧ እንቢ አላት። ረቡዕ የላከችው ሌላ ነው፦ «ጠይቀኝ። እንቢ ብልህም ጠይቀኝ።» ሐሙስ ዕለት ኮሎኔሉ ይህን ሲሰማ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ተመልካቹ ሁሉ የትወናው ብልሃት መስሎት አደነቀ። ኦቲሊያ ብቻ ከካርቶኑ ጀርባ ያለው ሰው ድምፁ እንደጠፋበት አወቀች፤ ፊቷም ጋለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሊሳንድሮ «በስልክ የሚላክ ቃል ይጠፋል፤ በወረቀት ልጻፍልሽ፤ አድራሻሽን ስጪኝ» ያላት። ሰጠችው። ሁለት ሳምንት ደጁን ስታይ ከረመች። ደብዳቤ አልመጣም። አሁን ደግሞ የማክሰኞው ጽሑፍም ቀረ።

መጋረጃው ተከፈተ። ኮሎኔሉ በግራ፣ ሐሲንታ በቀኝ። ሐሲንታ ተናገረች፤ ድምጿ ግን የኦቲሊያ አልነበረም። ሻካራ፣ የማታውቀው የሌላ ሴት ድምፅ ነበር።

«ኮሎኔል፣ ባሕር ዳርቻ ሥራ አግኝቻለሁ። ዛሬ እሄዳለሁ። የሳቅነው ይበቃናል።»

 መጋረጃው ተዘጋ። ከሥሩ «አበቃ» የሚል አንድ ቃል ተጽፏል።

 ሌላ ሴት። ወሩ ሳይሞላ ሌላ ጉሮሮ አገኘ ማለት ነው። ኦቲሊያ ስልኳን አንስታ «ምን ሆነ?» ብላ ጻፈች። ሁለቱን ቃላት አየቻቸው። ለማኝ የሆነች መሰላትና አጠፋቻቸው።

«ሐሙስ!» አሉ አባቷ። ፈገግታ አልነበረበትም። በደህናው እጃቸው ፍራሹን እየደበደቡ «ሐሙስ! ሐሙስ!» ይላሉ።

«አለቀ አባዬ። ከእንግዲህ የለም» አለች፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ሲያለቅሱ እንዳታያቸው፣ ስታለቅስም እንዳያዩዋት።

*

አምስት ሳምንት አለፈ። ዶን አቤላርዶ ምግብ መግፋት ጀመሩ። ልጃቸው በገባች ቁጥር «ሐሙስ» እያሉ ግራ እጃቸውን ወደ አልጋው ራስጌ ይወረውራሉ። እሷ የጠፋባቸውን ትዕይንት የሚጠይቋት ይመስላታል። አሮጌዎቹን ስትከፍትላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሐኪሙ ሕመሙ እየጠናባቸው ይሆናል አለ።

በስድስተኛው ሳምንት አንሶላ ልትቀይርላቸው ስታገላብጣቸው እጇን ያዙ። በዚያ ከሲታ ክንድ እንደዚያ ያለ ጉልበት አለ ብላ አታስብም ነበር። ለቀቋትና የራስጌውን መሳቢያ ጫፍ በጣቶቻቸው ነጠቁት። ጎተቱ። መሳቢያው ወለሉ ላይ ተገለበጠ። ክኒኑ፣ መቁጠሪያው፣ የጸሎት መጽሐፉ ተበታተነ፤ ከጸሎት መጽሐፉ ውስጥ የተቀደደ ፖስታ ሾልኮ ወጣ። በላዩ ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

«ሐሙስ» አሉ አባቷ። አሁን በጣም ቀስ ብለው ነው።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች አነበበችው።

«ኦቲ፣ አድራሻሽን ሳይ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ሳቄ ጠፋ። እናቴ ከምትጎነጉናቸው ባርኔጣዎች ውስጥ የሚለጠፈው አድራሻ እኮ ነው። ሠላሳ ዓመት ለዚያ ቤት ጎንጉናለች፤ በሩን ግን አልፋ አታውቅም። የቤቱ ሠራተኛም ሁኚ የቤቱ ልጅ፣ እኔ የማውቀው ድምፅሽን ነው፤ እሱን ደግሞ ወድጄዋለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በራችሁ ላይ እቆማለሁ። ከከፈትሽልኝ እንነጋገራለን። ካልፈለግሽኝ አስቀድመሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ላንቺ ስል ብዙ ነገር እችላለሁ፤ በር ላይ ቆሜ መዋረድን ግን አልችልም። ሊሳንድሮ።»

ቀና ስትል እናቷ ዶኛ ኤርሲሊያ በሩ ላይ ቆመዋል። ወለሉን አዩ። ደብዳቤውን አዩ። ከዚያ ባላቸውን አዩ።

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት» አሉ። «እዚሁ አጠገቡ ነው መልሱን የጻፍኩት። አይናገርም ብዬ።»

«መልስ? ምን ብለው መለሱለት?»

«በስምሽ ነው የመለስኩት። አትምጣ አልኩት።»

«እንዴት? በምን መብት?»

ዶኛ ኤርሲሊያ አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። «እኔ የማን ልጅ ነኝ ኦቲሊያ? የቢብሊያን መንደር ባርኔጣ ጎንጓኝ ልጅ አይደለሁም? እዚህ ቤት በቬሎ ነው የገባሁት፤ ሙሽራ ተብዬ። አያትሽ እስክትሞት ድረስ ማዕድ ላይ በተቀመጥን ቁጥር እጄን አንስታ ታሸተው ነበር። ‹አሁንም ጭድ ጭድ ይላል› ትላለች፣ እንግዳ እያለ። አባትሽ ሾርባውን ይጠጣ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹ተይ እናቴ› አላለም። ያ ልጅ እዚህ ቤት ገብቶ ማን እጁን እንዲያሸትለት ፈለግሽ? እኔ እሱን አዳንኩት።»

«አዳንሺው?»

ኦቲሊያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን አንቺ አለቻቸው። ሁለቱም ሰሙት። ዶኛ ኤርሲሊያ በጥፊ የተመቱ ያህል ፊታቸውን መለስ አደረጉ።

«ማን ነው የሚያሸትተው? አያቴ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው! እዚህ ቤት ውስጥ እጅ የምታሸቺ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ!»

አልጋው ላይ ዶን አቤላርዶ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከደህናው ዓይናቸው እንባ ወርዶ ጆሮአቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ግራ እጃቸው አንሶላው ላይ እየዳበሰ ሄዶ የሚስታቸውን እጅ አገኘ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ። ዶኛ ኤርሲሊያ እጃቸውን ነጥቀው ሊነሱ ፈለጉ፤ አልቻሉም።

ኦቲሊያ ካፖርቷን አነሳች።

«ሂጂ» አሉ እናቷ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «ዛሬ አባትሽን እኔ አጥበዋለሁ።»

በደረጃው ስትወርድ ንዴቷ አብሯት አልወረደም። ደረቷን የሞላው ፍርሃት ነበር።

*

ሲግሲግ ስትደርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። በየአጥሩ ላይ የባርኔጣ ጭድ ተሰጥቶ እንደ ነጭ ጸጉር ይወዛወዛል። የጠየቀቻት ሴት ሁሉ ጣቷን ዘርግታ ታሳያታለች፤ ቀጥሎ ከእግር እስከ ራሷ ታያታለች። የሊሳንድሮ እናት ማማ ሶይላ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጎነጉኑ ነበር። አጠገባቸው ጭዱን የሚያርሱበት ውሃ አለ። ጣቶቻቸው ሳያቋርጡ አንገታቸውን ብቻ ቀና አደረጉ።

«እንደምን ዋሉ እማማ። ሊሳንድሮን ፈልጌ ነበር።»

ጣቶቻቸው ቆሙ።

«በድምፅሽ አወቅኩሽ» አሉ። «ሐሲንታ ነሽ።»

«ኦቲሊያ እባላለሁ።»

«ስምሽን አውቀዋለሁ። ወረቀቱ ላይ አለ።» ተነስተው ገቡና የታጠፈ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሱ ግን ደጋግሞ ስላነበበው በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹ድምፄን የሰጠሁህ የታመመ ሰው ለማሳቅ ነው። ሌላ ነገር ከመሰለህ ጥፋቱ ያንተ ነው። አትምጣ። ምንም አትላክልኝ።› ይሄ ነው አይደል?»

«የእኔ እጅ አይደለም። የእናቴ ጽሕፈት ነው። የሱ ደብዳቤ ለእኔ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው።» ከካፖርቷ ኪስ አወጣችው። «እማማ፣ በፈጣሪ ስም እምላለሁ፣ እኔ አልጻፍኩትም።»

አሮጊቷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው ቆሙ። ማንበብ ባይችሉም የእጁን ልዩነት ያያሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ጉድ ነው» አሉ በመጨረሻ በደከመ ድምፅ። «እና አንቺስ? ያን ሐሙስ ስታይ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?»

«የሌላ ሴት ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ያገኘ መሰለኝ።»

«የትኛዋ ሌላ? እኔ ነኝ እኮ! ‹እማዬ፣ ተከትለሽኝ በይ› አለኝ፤ እያለቀሰ ይነግረኛል፣ እኔ እደግማለሁ። የሰባ ዓመት አሮጊት ነች ያስቀናችሽ?»

ኦቲሊያ ግድግዳውን ተደገፈች። 

«አሁን የት ነው?»

«በማግስቱ ዓርብ ሄደ። ከአሻጋሪዎቹ ጋር፣ ወደ ሰሜን። ከዚህ ቀበሌ ያልሄደ ወንድ አለ? እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ። ‹አልሄድም፣ እዚህ የማስቃቸው ሰዎች አሉኝ› ይል ነበር።» ማማ ሶይላ ተቀመጡ። «ከጓቴማላ ደወለ። ነገ ድንበር እንሻገራለን አለኝ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

ማድቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ። ኦቲሊያ ዞር ስትል ቡናማው ኩይ ከምድጃው ሥር ብቅ አለ። ባርኔጣ አልደፋም። ከስልኩ ውስጥ ትልቅ ይመስል ነበር፤ በዓይን ሲያዩት ትንሽዬ ነው።

«ሐሲንታስ?»

ማማ ሶይላ ጠረጴዛውን በዓይናቸው አሳዩ።

«ለመንገዱ ስንቅ ምን ላድርግልህ አልኩት። ‹እሷን እረጂልኝ› አለኝ። ልጄ፣ ያልሰማሁ መስዬ ዝም አልኩ። ደግሞ አለኝ። አረድኳት፣ ጠበስኳት፣ በቆሎውን ጨምሬ በጨርቅ ቋጠርኩለት። ሌሊቱን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አደረ። ጠዋት ሳይ ልጄ የለም፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው። አልነካትም።»

ኦቲሊያ ካፖርቷ አመድ እንደሚነካው እያየች ምድጃው አጠገብ ተንበረከከችና እስከዚያች ሰዓት ያፈነችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ማማ ሶይላ አላባበሏትም። መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ፤ ትከሻቸው ትከሻዋን እስኪነካ ተጠጉ።

*

መድረኩ ጣራው ሥር ተሰቅሎ ነበር። በማግስቱ አወረዱት። ኦቲሊያ አልጋ ልብሱን ዘርግታ ኮሎኔሉን ብቻውን አስቀመጠችው። ስልኳን አቆመች፤ እሷ ግን ከካርቶኑ ጀርባ አልገባችም። ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ዓይኗ እንዳበጠ፣ ጸጉሯ እንደተበተነ። ሐሙስ አልነበረም፤ ቅዳሜ ነበር።

«ሊሳንድሮ» አለች። «ይሄ ጨዋታ አይደለም። ሐሲንታ ሆኜ ስናገር የነበርኩት እኔ ነኝ። የደረሰህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ያንተ ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ነው። በሩን እከፍትልህ ነበር። የት እንዳለህ አላውቅም። እናትህ አጠገቤ ናቸው። እናንተ የምታዩን ደግሞ፣ ስንት ሐሙስ አብረን ስቀናል። እባካችሁ፣ ፈልጉልኝ።»

ቪዲዮውን ከመጨረሻው ትዕይንት ሥር ከስልክ ቁጥሯ ጋር ለጠፈችው። እነዚያ በየሐሙሱ ለመሳቅ ይሰበሰቡ የነበሩ፣ ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች ሰሙ። ከቦሊቪያ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለዘመዶቹ ሁሉ ላከው። ከሆንዱራስ አንዲት መነኩሲት ስደተኛ የሚያርፍባቸውን ቤቶች ዝርዝር ጻፈች። አንዳንዱ ይጸልያል፤ አንዳንዱ በለቅሶዋ ይቀልዳል፤ አንዱ የሞቱ ሰዎች ፎቶ ልኮ «ከነዚህ ውስጥ አለ?» ብሎ ጠየቃት። ሁሉንም አየቻቸው። አንድ በአንድ።

ኦቲሊያ ወደ ኩዌንካ አልተመለሰችም። እናቷ አንድ ጊዜ ብቻ ደወሉ። «አባትሽን አጥቤዋለሁ። በልቷል» አሉ፤ ምንም ሳይጨምሩ ዘጉት። የማማ ሶይላን ጭድ እያራሰች፣ ስልኩን ጡቷ ሥር ይዛ፣ አራት ቀን ተቀመጠች። በቀቢጸ ተስፋና በተስፋ መካከል የቀረላት ቦታ ጠባብ ስለነበረ ትንፋሿን እንኳ በቁጥር ነበር የምትተነፍሰው።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የሜክሲኮ ነበር።

«እመቤት ሐሲንታ ነሽ?» አለ አንድ የሴት ድምፅ። «ኔሬይዳ እባላለሁ፣ ታፓቹላ ከተማ ነርስ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ አያችሁ ነበር። እኛ ዘንድ አንድ የናንተ አገር ሰው ተኝቷል። ስሙን ሌላ ብሎ ነው ያስመዘገበው፤ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ትናንት ያንቺን ቪዲዮ ሆን ብዬ አጠገቡ ከፈትኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልጋው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ አለኝ። አሁን አጠገቡ ነኝ። ስልኩን ልስጠው?»

ኦቲሊያ «ስጪው» ያለች መሰላት። ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ማማ ሶይላ ከእጃቸው ያለውን ጭድ ለቀቁት።

 ቀጥሎ ያ የምታውቀው የደነደነ የኮሎኔል ድምፅ መጣ።

«እመቤት ሐሲንታ፣ ኮሎኔልዎ ከጦር ሜዳ ይናገራል። ጠላት አልበገረውም፤ ጥቂት የጎደለው ነገር ቢኖር—»

«ኮሎኔሉን አልፈልገውም» አለች። «እሱን ተወውና አንተ አናግረኝ።»

 የመለሰላት ሌላ ድምፅ ነበር፤ ቀጭን፣ የደከመ፣ ሰምታው የማታውቀው።

«ባቡሩ ጣራ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ ኦቲ። ወደቅኩ፤ ቀኝ እግሬን ቆረጠኝ። ከጉልበት በላይ ነው።»

ማማ ሶይላ ሰምተዋል። አልጮኹም። የራሳቸውን ቀኝ ጉልበት በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ።

«ደብዳቤውን አልጻፍኩትም» አለች ኦቲሊያ።

«ሰማሁ። ነርሷን አሥር ጊዜ አስከፈትኳት።»

«አመንከኝ?»

«አመንኩሽ። ባላምንሽ ይሻለኝ ነበር። ብትጠዪኝ መሄዴ ትክክል ይመስለኝ ነበር፤ እግሬም ለአንድ ነገር የሄደ ይመስለኝ ነበር።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «ለምን አንዲት ቃል አልጠየቅሽኝም?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት ብትሆን ትዋሸው ነበር።

«ኮራሁ» አለች።

«እኔም» አለ። «መጥቼ በሩን መቆርቆር እችል ነበር። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ኮራሁ።»

 ማንም ከሌላው ያነሰ ጥፋት አልነበረውም፤ ዋጋውን ግን አንዱ ብቻ ከፍሏል። ኦቲሊያ ይህን እያወቀች መኖር እንዳለባት በዚያች ደቂቃ ገባት፤ አንገቷም ዝቅ አለ።

«ሲሻለኝ ወደ አገርህ ግባ ብለው ይልኩኛል» አለ ሊሳንድሮ። «እናቴ ትቀበለኝ። አንቺ አትምጪ። ከአውሮፕላን እንደ ዕቃ ተሸክመው ሲያወርዱኝ እንድታዪኝ አልፈልግም። መልክሽን ያየሁት ትናንት ነው። አንቺ ደግሞ መጀመሪያ የምታዪኝ እንደዚያ ሆኜ ይሁን?»

«ስማኝ» አለች፤ ድምጿም ጸና። «አባቴን አራት ዓመት ሙሉ በእነዚህ እጆቼ አንስቻለሁ። ሰው እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ክንድህን አንገቴ ላይ ታደርጋለህ። እኔ በወገብህ እይዝሃለሁ። ክብደትህን ሁሉ ትለቅልኛለህ። ሰው ሲያፍር ሰውነቱን ያጠነክራል፤ ያኔ ነው የሚከብደው። ካላፈርክብኝ አትከብደኝም።»

«ባፍርስ?»

«ትከብደኛለህ። አሁንም አነሳሃለሁ።»

በመስመሩ ማዶ ሊሳንድሮ ማልቀስ ጀመረ፤ የሚደበቅበት ካርቶን፣ የሚዋሰው ድምፅ ሳይኖረው፣ ሕፃን እንደሚያለቅሰው ሳይቆጥብ። ኦቲሊያ «ዝም በል» አላለችውም። ማማ ሶይላ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡና ጉንጫቸውን ከስልኩ ጀርባ፣ ከኦቲሊያ ጉንጭ አጠገብ አሳረፉ። የልጃቸውን ለቅሶ ሁለቱም ባንድ ጆሮ እንደሚሰማ ሰው ሆነው ሰሙት። አንዷ የሌላዋን እንባ ከራሷ መለየት እስኪያቅታት ድረስ እንደዚያው ቆሙ፤ ኦቲሊያም እንደዚያ ያለ ሐዘን ውስጥ ደስታ መግቢያ ቀዳዳ ማግኘቱ አስፈራት።